ከአይጥ ወደ ውሻ

ባሕር ዳር ላይ በባጃጅ አደጋ አከርካሪው የተጎዳ ሰው ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ሲደርስ፣ የቤተሰቡ ጥያቄ «ተነሥቶ ይሄድ ይሆን?» ነው። ለዚህ መልስ የአይጥ ምርምር ብቻውን አይበቃም፤ የአይጥ ሕብለ ሰረሰር ቀጭን ነው፣ ነርቭ አድጎ የሚሻገረው ርቀትም አጭር። ሥጋ ቤት የበግ አከርካሪ ሲሰነጠቅ የምትታየው ነጭ ለስላሳ ገመድ በመጠን ለእኛ በጣም ትቀርባለች።

እኔን የማረከኝ ግን እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው፣ አከርካሪያቸው በተጎዳ ውሾች ላይ የተደረገው የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ነው። በጥናቱ የተካተቱት 34 ውሾች ለሙከራ ተብለው የተጎዱ አይደሉም፤ ቀድሞውኑ ሽባ የሆኑ የቤት ውሾች ነበሩ። ከገዛ አፍንጫቸው የተወሰደ ሴል ከተወጉት ብዙዎቹ በመሮጫ ማሽን ላይ የኋላ እግራቸውን ከፊት እግራቸው ጋር አስማምተው ተራመዱ። ሽንት መቆጣጠር ግን ለአብዛኞቹ አልተመለሰም፤ ተመራማሪዎቹም ይህንኑ ሳይሸፋፍኑ ጻፉት።