ቃዲው ለምን ሁልጊዜ ይጮሃል?

ባለፈው ዓመት ይፋግ ላይ በተደረገው የወጣቶች ጉባኤ የእኛ ድራማ ክፍል አንድ ተውኔት አቅርቦ ነበር። ታሪኩን ሳታዩትም ታውቁታላችሁ። አንዲት ሙስሊም ልጃገረድ በሃይማኖቷ ሕግ ትማረራለች። አባቷ እየጎተተ ከቃዲ ፊት ያቀርባታል። ቃዲው ከመቀመጫው ተነሥቶ ይጮኽና አርባ ጅራፍ ይፈርድባታል። ልጅቷ እያለቀሰች ስትወጣ ከሩቅ መዝሙር ትሰማለች። መጋረጃው ሲዘጋ አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ።

ከኋላ ወንበር ላይ እኔ የጋበዝኳት አንዲት ሙስሊም የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ተቀምጣ ነበር። አላጨበጨበችም፤ ተነሥታም አልወጣችም። በኋላ ሻይ ስንጠጣ ቀስ ብላ፣ «ቃዲው ለምንድን ነው እንደዚያ የሚጮኸው?» አለችኝ።

«ድራማ ነው እኮ» አልኳት።

«እናቴ የአባቷ ንብረት ሲከፋፈል የወንድሟን ድርሻ ግማሽ ነው ያገኘችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልቧ አላረፈም። እኔም በዚህ ነገር ተናድጄ አውቃለሁ፤ ወላሂ፣ ከእናንተዋ ልጅ የበለጠ ተናድጃለሁ። ያከፋፈሉት ሼኽ ግን አልጮኹም። ድምፃቸው ዝግ ያለ ነበር፤ እንባቸውም መጥቶ ነበር። ቢጮኹ ኖሮ ለእኛ ይቀለን ነበር።»

ያንን ተውኔት የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ በመጀመሪያ የሚሄሰው የራሴን ሥራ ነው። ቢሆንም የእኔ ብቻ አይመስለኝም። በየአጥቢያው የምናቀርባቸውን ድራማዎች ያየ ሰው ይህን የሚጮኽ ቃዲ አንድ ጊዜ እንኳ ሳያገኘው አይቀርም። ልብሱም ድምፁም አንድ ነው። እኔ የምለው ይህ ነው፦ በሃይማኖት ሕግ ስለተበደለ ሰው ስንጽፍ ፈራጁን ጭራቅ ካደረግነው የተበዳዩን ቁስል እናቃልለዋለን። ከጭራቅ መሸሽ ቀላል ነው። ከሚያከብሩት፣ ከሚወዱት፣ በቅን ልብ ከሚፈርድ ሰው የሚመጣ በደል ግን የት ይኬድበታል?

በመጀመሪያ እውነቱን እናስቀምጥ። በአገራችን የሸሪዓ ፍርድ ቤት ትናንት የመጣ ነገር አይደለም። መንግሥት በ1934 ዓ.ም.፣ ቀጥሎም በ1936 ዓ.ም. ባወጣቸው አዋጆች የቃዲዎችንና የናይባዎችን ምክር ቤቶች በሕግ አውቋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የግልና የቤተሰብ ክርክሮች በተከራካሪዎቹ ፈቃድ በሃይማኖት ሕግ ሊዳኙ እንደሚችሉ ይናገራል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 188 የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን በሦስት እርከን አዋቀረ። የሚያዩት ጋብቻን፣ ፍቺን፣ ቀለብን፣ ሞግዚትነትን፣ ውርስን፣ ስጦታንና ወቅፍን የመሰለ ጉዳይ ነው። የወንጀል ጉዳይ አያዩም፤ ጅራፍም አይፈርዱም። በተውኔቴ ላይ ያለው አርባ ጅራፍ ከሩቅ አገር ዜና ተቆርጦ ይፋግ ላይ የተለጠፈ ነበር።

ታዲያ እዚህ አገር የሚያስመርር ነገር የለም ማለቴ ነው? አይደለም። እውነተኛው ምሬት እኔ ካልፈለግኩበት ቦታ ነበር እንጂ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሴት ልጅና ወንድ ልጅ እኩል ይወርሳሉ። በሸሪዓ የውርስ ደንብ ግን የሴት ልጅ ድርሻ የወንድሟ ግማሽ ነው። ስለዚህ አንዲት ሴት በየትኛው ችሎት እንደምትዳኝ መወሰኑ የቤቷን ግማሽ መወሰን ሊሆን ይችላል። መክፈቻው «ፈቃድ» የሚለው ቃል ነው። አዋጁ ደግሞ መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበን ሰው እንደ ፈቀደ ይቆጥረዋል። ዝምታ እሺታ ሆኖ ይነበባል ማለት ነው። በእኛ አገር ሴት ልጅ በአጎቶቿና በወንድሞቿ ፊት ዝም ስትል ስንት ነገር ዝም እንደምትል የማያውቅ ማን አለ?

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የውርስ ቤት የተከሰሰች ሴት ግን ዝም አላለችም። በሸሪዓ ፍርድ ቤት ለመዳኘት እንደማትፈቅድ ገና ከጅምሩ ተናገረች። ችሎቱ ተቃውሞዋን አልፎ ፈረደ፤ ይግባኝ ማለቷም አልጠቀማትም። በመጨረሻ ጉዳዩ ወደ ሕገ መንግሥት አጣሪ ጉባኤ ሄደና የፌዴሬሽን ምክር ቤት በ1996 ዓ.ም. ያለ ፈቃዷ የተሰጠው ውሳኔ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሎ ሻረው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ጅራፍ የለም፤ ጩኸትም አያስፈልገውም። አንዲት ሴት በየችሎቱ እየቆመች አልፈቀድኩም ትላለች፤ ቃሏም መዝገብ ላይ እየተጻፈ ይታለፋል። ድራማ የሚጽፍ ሰው ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

እንዲህ ያለውን ነገር እንዴት መጻፍ እንደሚቻል ያስተማረኝ አንድ የኢራን ፊልም ነው። አስጋር ፋርሃዲ የሠራው ይህ ፊልም ስለ ናደርና ሲሚን መለያየት የሚናገር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ወጥቶ በቀጣዩ ዓመት ለምርጥ የውጭ ቋንቋ ፊልም የሚሰጠውን የኦስካር ሽልማት አግኝቷል። ፊልሙ ሲጀምር ባልና ሚስት ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለ ፍቺ ይከራከራሉ። የሚናገሩት ወደ ካሜራው እያዩ ነው። ዳኛው አይታይም፤ ድምፁ ብቻ ይሰማል። ወንበሩ ላይ የተቀመጥነው እኛ ተመልካቾች ነን! እኔ ቃዲውን በሩቅ አቁሜ ሕዝቡ እንዲጠላው አደረግኩ፤ ፋርሃዲ ግን ሕዝቡን በቃዲው ወንበር አስቀምጦ እስቲ ፍረዱ አለው።

ከዚያ በኋላ ራዚዬ የምትባል ድሃ ሴት ትመጣለች። የናደርን አእምሮው የደከመ አባት ለመጠበቅ ተቀጥራለች። ሽማግሌው ልብሱ ላይ ሲሸና ባዕድ ወንድን ማጠብ ኃጢአት ይሆንባት እንደሆነ ስልክ ደውላ የሃይማኖት ምክር ትጠይቃለች። ይህን ትዕይንት እኔ ብጽፈው አዳራሹ እንዲስቅባት አድርጌ እጽፈው ነበር። እዚያ ግን ማንም አይስቅም፤ ሴትዮዋ እግዚአብሔርን በእውነት ትፈራለችና። ኋላ ፅንሷ ይወርድና ናደር ገፍትሮኛል ተብሎ ክስ ይመጣል። ዳኛው ጠባብ ክፍል ውስጥ በወረቀት ተከብቦ የተቀመጠ፣ ሥራ የበዛበት ሰው ነው። ክፉ አይደለም። ሕጉ የሚፈቅድለትን ያህል እውነቱን ይፈልጋል፤ እውነቱ ግን ሕጉ ከሚይዘው በላይ ይሆንበታል። በመጨረሻ የደም ካሳ ሊከፈል ሁሉም በተሰበሰበበት ናደር አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃል፤ ጥፋቱ የእሱ እንደሆነ በቁርኣን እንድትምል። ራዚዬ መማል ያቅታታል። ከዚያ በፊት መኪና ገጭቷት ነበርና እርግጠኛ አይደለችም። ገንዘቡ ለቤተሰቧ ሁሉ ነገር ነበር። ግን አልማለችም።

ይህን ስመለከት ከተውኔቴ የጎደለው ገባኝ። ራዚዬን ያስጨነቃት ሕግ ከሐሰትም የጠበቃት እምነቷ ነው። ሁለቱን በቢላ ቆርጦ መለየት አይቻልም። የእኔ ልጃገረድ ግን እምነት አልነበራትም፤ ምሬት ብቻ ነበራት። ስለዚህ ስትወጣ የተወችው ነገር የለም፤ ዋጋም አልከፈለችም።

ከቤታችን ምሳሌ ካስፈለገ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» አለ። በዛብህን ያሰረው የጠላት ተንኮል አይደለም፤ የሚወዱት ወላጆቹ በሕይወት እንዲቆይላቸው ብለው የተሳሉት ስለት ነው። ጉዱ ካሣም በሥርዓቱ ላይ የሚቆጣው ከውጭ ቆሞ አይደለም። ሥርዓቱን ያውቀዋል፤ አድጎበታል፤ ስለዚህ የገዛ ዘመዶቹ ሳይቀሩ እብድ ይሉታል። ደራሲው የቤተ ክህነትን ትምህርት የተማሩ ስለነበሩ የሚነቅፉትን ነገር ጣዕሙንም ያውቁ ነበር። መጽሐፉ እስከ ዛሬ የሚያመን ለዚህ ነው።

እኛ ወንጌላውያንም ይህን ሕመም በራሳችን እናውቀዋለን። አያቴ ሲሞቱ እምነታቸውን ለውጠዋል ተብሎ የቀብር ቦታ ተከለከልን። አስከሬኑን ይዘን ያሳለፍነው ሌሊት ከልቤ አይጠፋም። ይህንንም አንድ ጊዜ ለድራማ ጽፌዋለሁ፤ እዚያም የሚጮኽ ቄስ አስገብቼ ነበር። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የከለከሉን ቄስ ለአያቴ የልጅነት ባልንጀራ ነበሩ። በሦስተኛው ቀን መጥተው ከሴት አያቴ አጠገብ ተቀመጡ፤ አንድ ቃል ሳይናገሩ አልቅሰው ሄዱ። ሴት አያቴም ቡና አፍልታ አጠጣቻቸው። ይህን አልጻፍኩትም። ለምን? ቄሱን መጥላት አስቸጋሪ ስለሚያደርገው ነው።

አንዳንዶቻችሁ «ታዲያ አንመስክር ነው የምትለው?» ትሉኝ ይሆናል። እንመስክር። ጸጋ ከሕግ እንደሚበልጥ እኔም አምናለሁ። ግን ጳውሎስ ስለ ሕግ የጻፈው በገማልያል እግር ሥር ተቀምጦ ከተማረው በኋላ መሆኑን አንርሳ። በቅርባችንም ሼኽ ዘካርያስ አሉ። እኚህ የበጌምድር ሰው የቁርኣን መምህር ነበሩ። ከእስልምና ሊቃውንት ጋር ሲከራከሩ የሚገልጡት ቁርኣንን ራሱን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1910 ደብረ ታቦር ላይ ተጠመቁ። የእኚህን ሰው ታሪክ በኩራት እንተርከዋለን። ነገር ግን የተከራከሩት ዕድሜያቸውን ሙሉ ካነበቡት መጽሐፍ ነው። እኔ ግን ተውኔቱን ስጽፍ አንድ ሙስሊም እንኳ አላማከርኩም።

ደግሞ ማን ፊት እንደምንጫወት እናስታውስ። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ አፄ ዮሐንስ 4ኛ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ አዘዙ፤ ሹማምንቱም ከሃይማኖታቸውና ከሹመታቸው አንዱን እንዲመርጡ ተገደዱ። የክርስቲያን ሕግ በሙስሊም ላይ የጮኸበት ዘመን ነበር ማለት ነው። ጓደኛዬ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ያየችው የእኔን ተውኔት ብቻ ላይሆን ይችላል። ዘጠነኛው ትእዛዝ በባልንጀራ ላይ በሐሰት መመስከርን ሲከለክል መድረክ ላይ የተባለውን አይመለከትም የሚል አላነበብኩም።

ተውኔቱን እንደገና እየጻፍኩት ነው። አሁን ጅራፉ ወጥቷል። ልጅቷ እናት ሆናለች፤ ጉዳዩም የውርስ ቤት ነው። ቃዲው ዝግ ባለ ድምፅ ይናገራል፤ ስትጠየቅ የምትሰጠውን መልስ ደግሞ ገና አላወቅኩትም። ረቂቁን ለጓደኛዬ ሰጠኋት። ከሳምንት በኋላ መለሰችልኝ። ብዙ ቦታ ሰርዛለች፤ አንዳንዱ ስረዛ አላስማማንም፤ ተከራከርን። እናትየው የመጨረሻውን ፍርድ ሰምታ እያለቀሰች በምትወጣበት ገጽ ላይ ግን በእርሳስ እንዲህ ብላ ጽፋለች፦ «አትውጣ። እናቴ አልወጣችም። እዚያው ቆማ ሼኹን፣ ‹አባባ፣ እርስዎስ ልጅ የለዎትም?› አለቻቸው።»

ለሚቀጥለው ጉባኤ የምናቀርበው ይህንን ነው። እሷም ከእናቷ ጋር እመጣለሁ ብላለች።