ቅራሪ በጠላ ዋጋ

በዚህ መጽሔት ላይ ስለ ኮንትራት፣ ስለ ኢቃማ፣ ስለ ተያዘ ደሞዝ ብዙ ተጽፏል። እኔ ዛሬ የምጽፈው እሁድ እሁድ ስለምንሄድበት ጠላ ቤት ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል፣ ግን አይደለም። ሳምንቱን ሙሉ «አምጪ፣ ውሰጂ፣ ጥረጊ» ስትባል የከረመች ሴት ቁጭ ብላ በገንዘቧ የምትስተናገደው እዚያ ብቻ ነው። በ2009 የወጣው የሊባኖስ የሥራ ውል በሳምንት 24 ሰዓት ተከታታይ ዕረፍት ይላል። ወረቀቱ ይበል እንጂ ብዙዎቻችን የምናገኘው ግማሽ ቀን ነው፣ ያውም በሁለት ሳምንት አንዴ። በዚያች ግማሽ ቀን ላይ የሚደርስብን ነገር ሊወራ ይገባል።

የምጽፈው ዶራ አካባቢ ስላለ አንድ የሀበሻ ቤት ነው። ስሙን አልጠራም። ብጠራው መጀመሪያ የሚጎዱት እዚያ የሚሠሩት ልጆች ናቸው። ደግሞም የምለው ነገር በአንድ ቤት ብቻ ያለ አይመስለኝም፣ እናንተም የምትሄዱበትን ቤት እያሰባችሁ አንብቡት።

ከጥሩው ልጀምር። ጠላቸው ጠላ ነው። እኔ ያደግሁት ደብረ ብርሃን፣ ጠላ ነጋዴ አክስቴ ጋር ነው። እስከ አስረኛ ክፍል የተማርኩት ጠዋት ጌሾ እየወቀጥኩ ስለሆነ ጠላ ሲቀርብልኝ ዝም ብዬ አልጠጣም። ጋኑ በግራዋ ታሽቶ ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል። ጌሾው ይጠነሰሳል፣ ቀን ቆጥሮ ብቅሉና ቂጣው ይገባል፣ ከዚያ አሻሮው ይደፈደፋል፣ በመጨረሻ ውሃ ተሞልቶ ይከደናል። አንዱን ቀን ካሳጠሩት ሆድ ይነፋል። እዚህ ጋን የለም፣ በፕላስቲክ በርሜል ነው የሚጠመቀው። ጌሾው ከአገር ቤት በሻንጣ ነው የሚመጣው። ወይራው ግን በሽ ነው፣ አገሩ ራሱ የወይራ አገር ነውና። ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን መልስ የሚቀዳው ጠላ የጭሱ ሽታ ሳይለቀው፣ ጠርቶ፣ ጌሾው ልክ ሆኖ ነው የሚመጣው። አንድ ብርጭቆ ስጠጣ አክስቴ ጓዳ የገባሁ ይመስለኛል። ለዚህ ባለቤቷን አመሰግናለሁ።

ችግሩ የሚጀምረው ከሰዓት በኋላ ነው። ቤቱ ሲሞላ ጠላው ይቀጥናል። እዚያ አተላ ላይ ውሃ ተጨምሮ የሚቀዳው ቅራሪ ነው የሚባለው። ቅራሪ መሸጥ ነውር አይደለም፣ አክስቴም ትሸጥ ነበር። ግን «ቅራሪ ነው» ብላ፣ በቅራሪ ዋጋ ነው። ስትቀዳም መጀመሪያ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ራሷ ቀምሳ ነው የምትሰጠው። እዚህ ጠዋት በ5 ዶላር የተሸጠው ጆግ ከሰዓትም 5 ዶላር ነው፣ ውስጡ ግን ሌላ ነው። አንድ ቀን «ይሄ እኮ ቅራሪ ነው» ብል ባለቤቷ ሳቅ ብላ «የአገር ልጅ ሆነሽ ይህችን አትችይም?» አለችኝ።

ይህን አባባል ልብ በሉልኝ። እኔ የምጽፈውም በእሱ ምክንያት ነው። በዚያ ቤት ሁሉም ጉድለት የሚሸፈነው «የአገር ልጅ» በሚል ቃል ነው።

ሒሳቡን እንይ። አገር ቤት ጠላ ቤት ደጃፍ ላይ እንጨት ላይ የተደፋ ጣሳ ይታያል። መንገደኛው ሁሉ ያንን አይቶ እዚህ ጠላ እንዳለ ያውቃል። እዚህ ጣሳው ይቅርና ዋጋ የተጻፈበት ወረቀት እንኳ የለም። በያይነቱ አንድ እሁድ 6 ዶላር ነው፣ በሚቀጥለው 7 ይሆናል። መልሱ ደግሞ በሊራ ነው የሚሰጠው። ውጭ አንድ ዶላር 89,500 ሊራ ሆኖ ሳለ እነሱ መልስ ሲሰጡ በ85,000 ያስባሉ። 6 ዶላር በልታችሁ 10 ብትሰጡ 358,000 ሊራ ሊመለስላችሁ ሲገባ 340,000 ይመጣል። 18,000 ሊራ ምንም አይደለም ትሉኝ ይሆናል። ይህን ግን በዚያ ቤት በሚቀመጠው ሰው ሁሉ አባዙት። በወር 200 ዶላር የምታገኝ እህታችን እዚያ ገብታ 12 ዶላር ብታወጣ ወደ ሁለት ቀን የሚጠጋ ድካሟን ነው የምትከፍለው። ስትጠይቅ ግን «ምን ይህን ያህል ታካብጃለሽ፣ የአገር ልጅ አይደለንም ወይ?» ትባላለች።

አቀማመጡም እንደዚያው ነው። አራት ሴቶች አንድ ጆግ ይዘን ከተቀመጥን ውስኪ የሚያዙ ወንዶች ሲመጡ «እስቲ ጠጋ በሉላቸው» እንባላለን። ከዚያ በመጸዳጃ ቤቱ በር ጥግ እንጠበባለን። ማዳም ቤት ቦታችን ኩሽና ነው፣ እሁድም ጥግ ከሆነ ምኑን ወጣን?

ከሁሉ የከፋብኝ ግን ስልኩ ነው። የቤቱ ሰው ቲክቶክ ላይቭ ከፍቶ በየጠረጴዛው ይዞራል። «ሰላም በሉ፣ ቤታችን ደምቋል» ይላል። ለእሱ ማስታወቂያ ነው። እዚያ የተቀመጠችው ግን ማን እንደሆነች ያውቃል? አንዷ ለማዳሟ «ቤተ ክርስቲያን ነኝ» ብላ ነው የወጣችው። ሌላዋ ደሞዟን ቢከለክላት ከከፊሏ ቤት ወጥታ ያለ ኢቃማ ናት፣ የት እንዳለች መታወቁ ብቻ ሊያስይዛት ይችላል። ሦስተኛዋ እናቷ ገጠር ናት፣ ልጇ ብርጭቆ ይዛ የሚያሳየውን ቪዲዮ ጎረቤት ወስዶ ያሳያታል። ባለፈው ወር አንዲት ልጅ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎትታ፣ ወደ ግድግዳ ዞራ ስትበላ አየሁ። ገንዘቧን ከፍላ ተደብቃ ትብላ? አበሾች «ከፍትፍቱ ፊቱ» እንላለን። ፊት ያለ ፈቃድ ለዓለም የሚታይበት ቤት ፍትፍቱ ቢጣፍጥ ምን ያደርጋል?

አሁን ስለ አስተናጋጆቹ። ብዙ ጊዜ የምናማቸው እነሱን ነው፣ «ፊቷን አኮሳተረች፣ ረሳችን፣ ዘገየች» እያልን። እነማን መሆናቸውን ግን እንወቅ። አንዷን ጠይቄያት እንደነገረችኝ ስድስት ቀን ሰው ቤት ትሠራለች፣ በሰባተኛው ቀን እዚህ ከጠዋት እስከ ማታ ቆማ ትውላለች። የምታገኘው ጉርሻ ብቻ ነው። ብርጭቆ ከተሰበረ ከዚያው ላይ ይቆረጣል። እሷንም ያስገቧት «የአገር ልጅ ነሽ፣ እንረዳዳ» ብለው ነው። ያቺ ልጅ ፈገግ ባትል የመስተንግዶ ጉድለት ነው ብዬ አልጽፍም። ይልቅ ጣቷን እያንጫጫች «ነይ አንቺ!» ብላ የምትጠራትን ደንበኛ እታዘባለሁ። ጠሪዋ ያን አጠራር ከየት እንደተማረችው ሁላችንም እናውቃለን። ማዳም የምትጠራን እንደዚያ ነው። እሁድን ለአንድ ቀን ማዳም ለመሆን አንጠቀምበት።

ለባለቤቷ ፍርድ ላለማጉደል የእሷንም ልናገር። የቤት ኪራዩ በዶላር ነው፣ የጄኔሬተሩ ክፍያ በየወሩ ያናጥባል፣ ጌሾውም ውድ ነው። እሷም በአንድ ወቅት በኮንትራት መጥታ ሰው ቤት ሠርታለች። ትርፍ ማግኘቷ አያስቀናኝም፣ እንኳን አገኘች። ዋጋውን ጨምራ ብትጽፈው እንኳ እከፍላለሁ። የማልከፍለው ለተደበቀው ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ዋጋው በአማርኛም በአረብኛም ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። መልስ በዕለቱ ምንዛሪ ይሰጥ። ቅራሪ ቅራሪ ተብሎ ይሸጥ። ሳያስፈቅዱ አይቅረጹ። የአስተናጋጆቹ የቀን ክፍያ ይታወቅ፣ ጉርሻው በላዩ ላይ ይሁን። እኛም በበኩላችን ከመቀመጣችን በፊት ዋጋ እንጠይቅ፣ መልሳችንን እዚያው እንቁጠር፣ ስልክ ሲመጣ አንድ ላይ ሆነን «አይቻልም» እንበል። አንዷ ብቻዋን ስትናገር «ነገረኛ» ትባላለች። አንድ ጠረጴዛ ሙሉ ሰው ከተናገረ ግን ይሰማል። ባለፈው እሁድ እኛ አራት ሆነን ብንናገር ልጁ ስልኩን አዙሮ ሄደ።

አገር ቤት ደንበኛ ንጉሥ ነው ይባላል። እኔ ንግሥት ልሁን አላልኩም። የአገር ልጅነታችን በአፍ ብቻ ሳይሆን በጆጉ፣ በሒሳቡና በልጅቷ ደሞዝ ላይ ይታይ ነው የምለው። እነዚህ ከተስተካከሉ በዚያ ከተማ ከዚያ ጠላ የሚሻል አላውቅም፣ እኔም መሄዴን አልተውም።