ድምፅ በበር ይገባል

በቅርቡ አብሮን መሥራት የጀመረ ወጣት «ጋሼ፣ ስንት ጨረር ልልቀቅ?» አለኝ። ከድምፁ ምንጭ ተነስተው ግድግዳ ለግድግዳ እየነጠሩ አድማጩን የሚፈልጉትን ማለቱ ነው። ቁጥር ከመንገሬ በፊት የጆሮ ማዳመጫውን አጥልቄ በኮምፒውተር የሠራው ምናባዊ ቤት ውስጥ ገባሁ። ሳሎን ቆሜያለሁ፤ ጓዳ ቡና ይወቀጣል። የጓዳው በር በስተግራዬ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ዘነዘናው ግን የሚሰማኝ ፊት ለፊቴ ካለው ግድግዳ ነው።

በዚህ ጉዳይ ከስንቱ ጋር ተከራክሬያለሁ። ብዙዎች መሃል ላይ ግድግዳ ካለ ቀጭኑን ድምፅ በፊልተር ቆርጠው ያፍኑትና ጨረስን ይላሉ። እንዲህ የታፈነ ድምፅ የጎረቤት ድምፅ ነው። በር ከተከፈተ ድምፁ በበሩ ዞሮ ይመጣል፤ አቅጣጫውም የበሩ፣ ርቀቱም የዞረበት መንገድ መሆን አለበት። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ስለሚጓዝ የ100 ኸርዝ ሞገድ 3.4 ሜትር ይረዝማል፤ የበሩን ጠርዝ ያለ ችግር ይታጠፋል። የ4000 ኸርዙ 9 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ በሩ ፊት ካልቆሙ አብዛኛው ያመልጣል። ወደ በሩ በተጠጋን ቁጥር ድምፁ ቀስ እያለ የሚጠራው ለዚህ ነው። ጨረር ደግሞ መታጠፉ ለብቻው ካልተሰላለት ቀጥ ብሎ ያልፋል። አሥር ሺህም ቢለቀቅ ያው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው «ጊርስ ኦፍ ዋር 4» የተባለው የቪዲዮ ጨዋታ የሞገዱን ስሌት አስቀድሞ ሠርቶ አስቀምጦ ነበር፤ ሰማሁትና ቀናሁ። እኛ ግን ያን የሚችል ማሽን የለንም። እያንዳንዱን በር በእጃችን ምልክት እናደርጋለን፤ በበሮቹ በኩል አጭሩን መንገድ አስልተን ድምፁን እዚያው በሩ ላይ እናስቀምጠዋለን። እኔ ይህን አልለቅም።

አያቴ በስተርጅና ዓይኗ ጠፍቶ ነበር። መደቡ ላይ ተቀምጣ፣ እህቴ ጓዳ ቡና ስትወቅጥ፣ «በሩ ገርበብ ብሏል፤ ጭሱ ሳይገባ ዝጊው» ትላት ነበር። ማንም አልነገራትም፤ ከዘነዘናው ነው የሰማችው። እኔ የበር ድምፅ መስማት የተማርኩት ከእሷ ነው። አሁንም አንድ ክፍል ሠርቼ ስጨርስ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምፈትሸው።

ወጣቱ በሩን አስተካከለው። ዓይኔን ጨፍኜ ሰማሁት፤ ክፍት ሲሆን ድምፁ ከበሩ መጣ፣ ዝግ ሲሆን ታፈነ። ገርበብ ሲል ግን ገና ነው፤ ቀጭኑ ድምፅ ቶሎ ይሞታል። ነገ እንደገና እንሞክረዋለን።