«ሊምቦ»፦ መልሱ የማይነገር እንቆቅልሽ

በቦሌና በገርጂ ፕሌይስቴሽን ቤቶች ደጃፍ የሚያልፍ ሰው አዘውትሮ የሚሰማው የኳስ ሜዳ ጩኸት ነው። ሒሳቡ በግጥሚያ ወይም በሰዓት ስለሚታሰብ፣ ቆም ብሎ ማሰብን የሚጠይቅ ጨዋታ በእነዚህ ቤቶች ብዙም ገበያ የለውም። በዚህም ምክንያት የቪዲዮ ጨዋታ ሲነሣ ብዙዎቻችን የሚታየን የጊዜ ማባከኛ ነው። ለመሆኑ ጨዋታ ኪነ ጥበብ ሊሆን ይችላልን?

የዴንማርኩ ፕሌይዴድ እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው «ሊምቦ» ለዚህ ጥያቄ በቂ ምላሽ ይሰጣል። ታሪኩ አጭር ነው፤ አንድ ትንሽ ልጅ እህቱን ፍለጋ በጨለማ ጫካ ውስጥ ይጓዛል። ዋና አዘጋጁ አርንት ያንሰን ዓለሙን በጥቁር፣ በነጭና በግራጫ ብቻ ሥሎታል፤ ከልጁ ፊት የሚታዩት የሚያበሩ ዐይኖቹ ብቻ ናቸው። ንግግር የለም። ማርቲን ስቲግ አንደርሰን ያቀናበረውም ድምፅ ከዜማ ይልቅ ለጫካው እስትንፋስ ይቀርባል።

የሥራው መስሕብ ከእኛ እንቆቅልሽ ጋር ሲነጻጸር ጎልቶ ይታያል። በእንቆቅልሻችን መልሱ የጠፋበት ሰው አገር ይሰጣል፤ ጠያቂውም መልሱን ይነግረዋል። በ«ሊምቦ» ግን የስሕተት ዋጋ የልጁ ሞት ሲሆን፣ መልሱን የሚናገር ማንም የለም። ልጁ ከጥቂት እርምጃ በፊት ካለው ሥፍራ ተነሥቶ እንደገና ይሞክራል። ለእርሱ መሞቻ የሆነው የብረት ወጥመድ ለግዙፉ ሸረሪት እግር ማጥመጃ እንደሚሆን የሚያስተውለው ተጫዋቹ ራሱ ነው። እዚህ ላይ ቅርጽና ይዘት ተዋሕደዋል፤ የልጁ ብቸኝነት በሥዕሉ ብቻ ሳይሆን በአጨዋወቱም ውስጥ አለ።

ይሁንና ሥራው እንከን የለሽ አይደለም። በኋለኛው ክፍል ጫካው በፋብሪካ መሣሪያዎች ሲተካ እንቆቅልሾቹ ይረቅቃሉ፤ ፍርሃቱ ግን ይቀዘቅዛል።

በአገራችንም ቅኔ ጌምስ እ.ኤ.አ. በ2018 ባቀረበው «ኩኩሉ» ከመታረድ የምታመልጥ ዶሮን ሩጫ አሳይቶናል። ከጓሯችን የተወሰደ ነገር ጨዋታ እንደሚሆን በዚህ ታይቷል። የቀረው ሩጫውን ገታ አድርጎ የሚያሳስብ ሥራ ነው። እንቆቅልሽ ሲጠያየቅ ላደገ ሕዝብ ጥሬ ዕቃው ባዳ አይደለም። በገርጂ የተቀመጠው ታዳጊም «ሊምቦ»ን ለመረዳት የባዕድ ቋንቋ ማወቅ አያሻውም፤ የሚያሻው ሒሳብ የማይቆጠርበት አንድ ሰዓት ነው።