«ማምከን» መግደል አይደለም
ስለ አንድ የጨረር መብራት መመሪያ ትርጉም የቀረበ ሒስ

በሐረር ከተማ በትርጉም ሥራ የሚተዳደሩ አንድ ወዳጃችን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የመለሱትን የመሣሪያ መመሪያ አስተያየት እንድንሰጥበት አቅርበውልን ነበር። መሣሪያው በቤት ውስጥ በሚቀመጥ የባሕር ዓሣ ገንዳ ላይ የሚገጠም ነው፤ የገንዳው ጨዋማ ውኃ በውስጡ ሲያልፍ በአልትራቫዮሌት ጨረር ይመታል። መመሪያውን ያስተረጐሙት ሰው በባሕር ጠረፍ አገር ብዙ ዘመን ቆይተው የተመለሱ፣ ከጀጎል ግንብ ውጭ ባለው አዲሱ ከተማ የሚኖሩ ናቸው። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ለዚህ መጽሔት የሚበቃ ጉዳይ ባልሆነ ነበር። ዳሩ ግን ትርጉሙ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ፣ ይህን መሳይ መብራት ለመጠጥ ውኃ ከሚጠቀሙ ቤተ ሰቦች ዘንድ ደርሷል። ስለ ዓሣ የተጻፈ ቃል ስለ ሰው መነበብ ሲጀምር የቃሉ ክብደት ሌላ ይሆናል።

ከሁሉ አስቀድመን ትርጉሙ የሚመሰገን መሆኑን እንገልጻለን። ዐረፍተ ነገሮቹ የአማርኛን ሥርዐት የጠበቁ ናቸው፤ ተርጓሚው በአማርኛ ሊባል የሚችለውን ሁሉ በአማርኛ ለማለት ጥረዋል። ሒሳችን የሚያተኩረው በጥቂት ስያሜዎች ላይ፣ ይልቁንም በአንድ ፍቺ ላይ ነው።

1. የ«መከነ» ጠባይ

ተርጓሚው መሣሪያውን «አምካኝ» ብለውታል። በመመሪያው መጨረሻ ባሰፈሩት የቃላት መፍቻም ማምከንን ተሕዋስያንን ፈጽሞ መግደል ሲሉ ተርጉመውታል። እኛ ግንዱን «ማምከን»ን እንደግፋለን፤ ፍቺውን እንቃወማለን።

«መከነ» በአማርኛ ሞተ ማለት አይደለም። መካን ላም በሕይወት ያለች፣ ግን የማትወልድ ናት። የገበሬው ድካም መከነ ሲባል ድካሙ ፍሬ ሳይሰጥ ቀረ ማለት ነው። ወታደሮች ፈንጂ አመከኑ ሲባል ፈንጂው እንዳለ አለ፤ የተወሰደው የመፈንዳት ኃይሉ ነው። የእግር ኳስ ዘጋቢም አጥቂው ያገኘውን ዕድል አመከነ ሲል ዕድሉ ግብ ሳይወልድ ቀረ ማለቱ ነው። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ያለው የጋራ ፍሬ ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም ነገሩ ሳይጠፋ የማፍራት ኃይሉ መወሰዱ ነው።

የጨረሩም ሥራ ከዚህ የተለየ አይደለም። በእነዚህ መሣሪያዎች የተለመደው ዝቅተኛ ግፊት ያለው የሜርኩሪ መብራት የሚሰጠው ጨረር በአብዛኛው 254 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት አለው። ይህ ጨረር የተሕዋሲውን ዲኤንኤ ሲመታ ጎን ለጎን ያሉ የታይሚን ክፍሎች እርስ በርሳቸው ይጣበቃሉ፤ ከዚህ የተነሣ ዲኤንኤው ራሱን መገልበጥ ያቅተዋል። ተሕዋሲው ወዲያው ላይሞት ይችላል፤ መራባት ግን አይችልም፤ ካልተራባ ደግሞ በሽታ አያስይዝም። ከዚህም በላይ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ከጨረሩ በኋላ የሚታይ ብርሃን ሲያገኙ ጉዳቱን በኢንዛይም ጠግነው እንደገና ይራባሉ። የሞተ አይነሣም፤ የመከነ ግን አልፎ አልፎ ይወልዳል። እንግዲህ አማርኛው የነገሩን ባሕርይ በትክክል ይዞት ሳለ የቃላት መፍቻው አበላሽቶታል።

አንዳንድ ባልደረቦች «መካን» በሰው ላይ ሲነገር የሚያቆስል ቃል ስለ ሆነ ለመሣሪያ ስያሜ መሠረት ባይሆን ይሻላል ይላሉ። አስተያየቱን እናከብራለን። ይሁን እንጂ «አመከነ» የሚለው አድራጊ ግሥ በፈንጂና በኳስ ሜዳ ሲነገር ኖሮ ከዚያ ስሜት ርቋል ብለን እናምናለን።

2. ስሕተቱ ከየት መጣ?

ስሕተቱ የተርጓሚው ብቻ አይደለም። በጤና ተቋማት ማምከን ሲባል በመሣሪያ ላይ ያለውን ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ፣ ጠንካራ ቅርፊት ያላቸውን የባክቴሪያ ስፖሮች ጭምር፣ ለምሳሌ በ121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንፋሎት ማጥፋት ነው። የዓሣ ገንዳ ዕቃ ነጋዴዎች ይህንኑ የሐኪም ቤት ስም ወስደው፣ ተሕዋስያንን ለሚቀንስ እንጂ ፈጽሞ ለማያጠፋ መብራት ሰጡት። ተርጓሚያችንም ፍቺውን ከሐኪም ቤት፣ ስሙን ከነጋዴ ተቀበሉ። ነጋዴ ያጋነነውን ተርጓሚ መውረስ የለበትም።

3. ፍቺው የሚያስከትለው ጉዳት

በመጀመሪያ ዓሣውን እንይ። ጨረሩ የሚያገኘው በመብራቱ አጠገብ የሚያልፈውን ውኃና በዚያ ውኃ ውስጥ ያለውን ብቻ ነው። በባሕር ዓሦች ላይ ነጭ ነቁጥ የሚያወጣው ክሪፕቶካርዮን የተባለው ጥገኛ በውኃ ውስጥ የሚዋኝበት ጊዜ አጭር ነው፤ በዓሣው ቆዳ ውስጥ ተሸሽጎ ሲኖር ወይም በገንዳው ወለል ተጣብቆ ሲቆይ መብራቱ አይደርስበትም። ፈጽሞ ይገድላል የሚለውን ያነበበ ባለገንዳ የታመመውን ዓሣ ለይቶ ማከሙን ይተወዋል።

የመጠጥ ውኃው ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። ሐረር ለብዙ ዓመታት ውኃዋን ታገኝ የነበረው ከሐረማያ ሐይቅ ነበር። ሐይቁ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ሲደርቅ፣ ከድሬዳዋ አካባቢ የከርሰ ምድር ውኃ ወደ ደጋው እየተገፋ እንዲመጣላት ሆነ። የቧንቧ ውኃን በተራ መጠበቅ የለመደ ቤት ደግሞ ሮቶ፣ በርሜልና ጀሪካን አይለየውም፤ ውኃው ከመጠጣቱ በፊት ለቀናት ይቀመጣል። የቃሉ ፍቺ ሕይወት የሚነካው እዚህ ላይ ነው። ክሎሪን በውኃው ውስጥ ቀርቶ ጥበቃውን ይቀጥላል፤ ጨረር ግን ከመብራቱ ካለፈ በኋላ በውኃው ውስጥ የሚተወው ጠባቂ የለም። በጨረር ያለፈ ውኃ ባልጸዳ ጀሪካን ቢቀዳ ወይም እጅ ቢገባበት እንደገና ይበከላል። በአንጻሩ ክሎሪን እምብዛም የማይበግረውን ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለ የአንጀት ጥገኛ ይህ ጨረር ያመክነዋል። ስለዚህ የሁለቱ ጠባይ በፍቺ መለየት ይገባዋል።

ድፍርስ ውኃም ሌላ ችግር አለበት። በውኃው የተንሳፈፈ ደለል ለተሕዋስያኑ ጥላ ስለሚሆናቸው ጨረሩ አይደርስባቸውም። ከዚህ የተነሣ «ማጣራት» እና «ማምከን» በቅደም ተከተል የሚፈጸሙ ሁለት ተግባራት ናቸው። መመሪያው ግን በሁለት ቦታ አንዱን በሌላው ተክቷል።

በአገራችን ለቤት ውስጥ ውኃ ማከሚያ የተሸጡት ሁለት መድኃኒቶች «ውኃ አጋር» እና «ቢሻን ጋሪ» መባላቸውን እዚህ ላይ ማስታወስ ይጠቅማል፤ ሁለተኛው በኦሮምኛ መልካም ውኃ ማለት ነው። ሁለቱም ስሞች ለጆሮ የቀለሉ ናቸው፤ ሁለቱም መግደልን ቃል አይገቡም። ስም አውጪዎቻቸው ልከኞች ነበሩ።

4. «አምካኝ» ወይስ «ማምከኛ»?

በቅርጽ ረገድ አማርኛ የመሣሪያን ስም ከአድራጊው ስም ለይቶ ያበጃል፤ አጣሪና ማጣሪያ፣ ቆፋሪና መቆፈሪያ እንደምንለው ነው። ፈንጂ አምካኝ ሰው ነው። ስለዚህ መሣሪያው «የጨረር ማምከኛ» ቢባል የቋንቋውን ሥርዐት ይጠብቃል።

5. «የመስተዋት እጅጌ»

መብራቱን ከውኃው የሚለየውን ቱቦ ተርጓሚው ከእንግሊዝኛው ቃል በቃል «የመስተዋት እጅጌ» ብለውታል። እጅጌ የልብስ ነው፤ ከዚህም የከፋው «መስተዋት» ነው። ቱቦው የሚሠራው ከኳርትዝ ነው፤ ተራ መስተዋት ይህን ጨረር አያሳልፍም። መመሪያውን አምኖ የተሰበረውን ቱቦ በተራ መስተዋት ያስተካ ሰው መብራቱ እየበራለት አንዳች ሳያመክን ይኖራል። እኛ «የኳርትዝ ሰገባ» እንላለን። ሰገባ ጎራዴን እንደሚይዝ ይህም መብራቱን ይይዛል፤ ቃሉም ለማንም አዲስ አይደለም።

6. «ልዕለ ሐምራዊ»

ይህ ስያሜ በጽሑፎቻችን ከተለመዱት አንዱ ነው። የላቲኑ «ኡልትራ» ማዶ ማለት ሲሆን «ልዕለ» በላይ ማለት ነው። ጨረሩ በድግግሞሽ ሲለካ ከሐምራዊ በላይ፣ በሞገድ ርዝመት ሲለካ ግን ከሐምራዊ በታች ይውላል። ለፊዚክስ ተማሪ ይህ ችግር አይሆንም፤ መምህሩ ያስረዳዋል። ለቤት ተጠቃሚ ግን ስሙ ቀለምን ያስባል። ጨረሩ እ.ኤ.አ. በ1801 በዮሐን ቪልሄልም ሪተር ሲታወቅ የታወቀው በብር ጨው ላይ ባደረሰው ለውጥ እንጂ በዓይን ታይቶ አይደለም። ከመብራቱ የሚታየው ሰማያዊ መሳይ ብርሃን ጨረሩ አይደለም። መብራቱ እያረጀ ሲሄድ የሚታየው ብርሃን እያለ የማይታየው ጨረር ይደክማል፤ አምራቾች በዓመት ገደማ እንዲለወጥ የሚመክሩት ስለዚህ ነው። ሐምራዊ መብራት መስሎት በቀጥታ የሚመለከተውም ዓይኑን ይጎዳል። ስለዚህ «ልዕለ ሐምራዊ» በትምህርት መጻሕፍት እንዳለ ይቆይ፤ ለሕዝብ በሚጻፍ መመሪያ ግን «አልትራቫዮሌት የተባለ የማይታይ ጨረር» ማለት ይመረጣል። በስያሜ ሥራ መጀመሪያ ከአማርኛ፣ ቀጥሎ ከግዕዝ መፈለግ የተለመደ መሆኑን አንዘነጋም፤ ነገር ግን ከግዕዝ የተገኘ ቃል አንባቢውን ወደማይሆን ሥዕል ከመራው፣ የተውሶው ቃል ይሻላል።

7. የምናቀርበው ሐሳብ

በአጭሩ ሲጠቃለል፣ «ማምከን» የሚለው ስያሜ ይጽና፤ ፍቺውም «ተሕዋስያን እንዳይራቡ ማድረግ» ይሁን። በሐኪም ቤት ለሚደረገው «ፍጹም ማምከን»፣ ለመብራቱ ሥራ «በጨረር ማምከን» ቢባል ሁለቱ ሳይምታቱ ይኖራሉ። «ገዳይ» የሚለው ቅጽል ከእነዚህ መመሪያዎች ይውጣ። የመጠጥ ውኃን የሚመለከት ማናቸውም ትርጉምም ጨረሩ ውኃውን ለኋላ እንደማይጠብቅ በግልጽ ይናገር።

ወዳጃችን እነዚህን አስተያየቶች በቅንነት ተቀብለው ትርጉሙን በማረም ላይ ናቸው። ፊተኛው ቅጂ ግን አሁንም በሰው እጅ አለ። የአንድ ቃል ፍቺ አንድ ጊዜ ከቤት ከወጣ እንደ ፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። በጤናና በውኃ ሥራ የተሰማሩ ባለሙያዎች፣ እንዲሁም በሐረሪና በኦሮምኛ የሚተረጕሙ ባልደረቦቻችን በእነዚህ ስያሜዎች ላይ ያላቸውን ሐሳብ ቢያካፍሉን በደስታ እንቀበላለን።