ዘንበል ያለች አፍንጫ

ርካሿን የሪሞት አውሮፕላን ከካርቶኗ አውጥቶ ፊት ለፊት ያያት ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚገባው ጉድለት ነው። ሞተሯ ቀጥ ብሎ አልተገጠመም፤ ትንሽ ወደ ታች ደፋ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ዞር ብሏል። ክንፎቿም ዝርግ አይደሉም፤ ጫፍና ጫፋቸው ወደ ላይ ቀና ብሏል። «የቻይና ዕቃ!» ብሎ ሊያቃናት የሚታገል አይጠፋም። እባካችሁ አትንኳት። የሠሪዋ ሙያ ያረፈው እነዚህ ሁለት ጥመቶች ላይ ነው።

ከሞተሩ እንጀምር። ጉልበት ሲጨመርለት ፍጥነቷ ያድጋል፣ ክንፏም የበለጠ ያነሳታል፤ አፍንጫዋን ሽቅብ ትሰቅልና አቅም ሲያጥራት ትወድቃለች። በዚያ ላይ የፕሮፔለሩ ሽክርክሪት ወደ ግራ ይጎትታታል። ይህን ሁሉ በሪሞት እያረሙ ማብረር ይቻላል፤ ለጀማሪ ጣት ግን ጭንቅ ነው። ንድፉን ያወጣው ሰው ሞተሩን ጥቂት ዲግሪ አዘንብሎ ገላገለን። ተጨማሪ ዕቃ የለ፣ ተጨማሪ ሳንቲም የለ።

የክንፏ ነገር ደግሞ ይብሳል። እንዲህ ያለችው አውሮፕላን አብዛኛውን ጊዜ የምታውቀው ሦስት ትእዛዝ ብቻ ነው፦ የሞተር ጉልበት፣ ሽቅብና ቁልቁል፣ ግራና ቀኝ። ትልልቆቹን በጎን የሚያጋድላቸው፣ ክንፋቸው ጫፍ ላይ ያለው ተንቀሳቃሽ ክፍል እሷ ዘንድ የለም። ታዲያ ነፋስ አንዱን ክንፏን ሲያነሳው ማን ይመልሰዋል? ቅርጿ ራሱ። ወደ አንድ ጎን ስታጋድል ወደዚያው መንሸራተት ትጀምራለች፤ ያን ጊዜ ዝቅ ያለው ክንፍ ከሌላው ይልቅ አየሩን ከሥር በደንብ ያገኘዋል፣ ይነሳል፣ ትስተካከላለች። የእናንተ ድርሻ ጣታችሁን መሰብሰብ ነው። ብልሃቱ የዛሬ አይደለም። አልፎንስ ፔኖ የተባለ የ21 ዓመት ፈረንሳዊ፣ ራይት ወንድማማቾች ከመብረራቸው 32 ዓመት በፊት፣ በ1871 እ.ኤ.አ. የክንፏን ጫፎች ቀና ያደረገላትን ትንሽ አውሮፕላን በተጠመዘዘ ላስቲክ ጉልበት ፓሪስ ላይ 11 ሰከንድ አብርሯታል። ዛሬ ጋይሮ የሚገጠምላቸው አሉ፤ ሚዛናቸውን ኮምፒውተር ይጠብቅላቸዋል። ጥሩ ይበርራሉ። እኔን ግን ቅርጽ የሚሠራውን ሥራ ቺፕ ሲሠራው ያን ያህል አይደንቀኝም።

ጅራቷን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ማጠፊያ የለውም፤ ፎሙ ራሱ በአንድ መስመር ስስ ተደርጓል፣ እዚያው ይታጠፋል። ከሆዷ የሚነሳው ቀጭን ሽቦ ጅራቷ ላይ ከተተከለች ባለ ብዙ ቀዳዳ የፕላስቲክ ቁራጭ ጋር ይያያዛል። ሽቦው በላይኛው ቀዳዳ ሲገባ ጅራቱ በጥቂቱ ይንቀሳቀሳል፣ ይህ ለጀማሪ ነው፤ ወደ ታችኛው ሲወርድ እንቅስቃሴው ይሰፋል። የሽቦው ወገብ ላይ በፒንሳ የተቆለመመች ጉብታ አለች። ጠበብ ስትደረግ ሽቦው ያጥራል፣ ከፈት ስትደረግ ይረዝማል። አውሮፕላኗ ሳትታዘዝ ወደ ግራ ከሄደች ማረሚያዋ ይህችው ጉብታ ናት።

ከዚህ ዓይነት አንዷ፣ ሆቢዞን ቻምፕ የምትባለው፣ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 51 ሴንቲ ሜትር ትሆናለች፤ ክብደቷ ባትሪዋን ጨምሮ ወደ 38 ግራም ነው፤ የአበሻ ዶሮ እንቁላል በሉት። ቅለቷ ትርፍ ጌጥ አይደለም፣ በተለይ ቆሰበር ላይ። ከተማችን ከ2,500 ሜትር በላይ ናት፤ እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፉ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ ያችው አውሮፕላን እዚህ እንዳትወድቅ 13 በመቶ ያህል ፈጥና መብረር አለባት፤ ፕሮፔለሯም የሚገፋው አየር ያጥረዋል። ከባዷ ገና ከእጅ ስትለቀቅ ሣር ትግጣለች፤ ቀላሏ ትነሳለች። ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች የሚሰበሰቡባት ከተማ ሜዳ አታጣም። ችግሩ ከሰዓት በኋላ የሚነሳው ነፋስና ዙሪያውን የተተከለው የዲከረንስ ዛፍ ነው። ማለዳ ይሻላል።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። በዚህ ዘመን በክልላችን ሰማይ ላይ የሚያጉረመርም ነገር ሲሰማ ሰው ቀና የሚለው በጨዋታ ስሜት አይደለም። አስቀድሞ ሹሙንም ጎረቤቱንም ማስፈቀድ ነው። ካልሆነም እንደ ፔኖ፣ ያለ ሞተር በላስቲክ ማብረር ነው፤ የክንፉ ብልሃት ያው ነው፣ ጩኸት የለውም።

ፎም ይሰበራል። እዚህ ላይ ነው ቆሰበር የራሷን ሙያ የምታመጣው። የአዊ ደጋ ቀርቀሃ ቢያንስ ወንበርና አልጋ ሆኖ መንገድ ዳር ያላየው መንገደኛ ጥቂት ነው። ሳንቶስ ዱሞንት የተባለው ብራዚላዊም በ1900ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ፓሪስ አጠገብ ያበረራት ትንሿ «ዴምዋዜል» ገላዋ ቀርቀሃ ነበር። ሙያተኛው ቀርቀሃ ሲሰነጥቅ ልብ በሉ። ቢላዋው መንገዱን ይከፍታል እንጂ አይቆርጥም፤ ስንጥቁ በጭረቱ ይሄዳል። ወደ አንድ ጎን ሸሽቶ አንዱ ግማሽ ከሳሳ፣ እጁ ወፍራሙን ግማሽ ጎበጥ ያደርገዋል፤ ስንጥቁ ወደ መሐል ይመለሳል። ቀጥሎ የውስጡን ለስላሳ ሥጋ ይፍቃል፣ ቆዳውን አይነካም፤ የቀርቀሃ ጭረት የሚጠቀጠቀው ቆዳው አጠገብ ነውና።

የክብሪት እንጨት ያህል የቀጠነ፣ አንጓ የሌለበት ስንጥር ለተሰበረ ክንፍ በቂ ነው። ከክንፉ ሥር ቦይ ይወጣለትና ቆዳው ወደ ታች ሆኖ ይቀበራል። አውሮፕላኗ ስትበር ክንፏ ሽቅብ ስለሚጎብጥ የሚወጠረው የሥሩ ገጽ ነው፤ ቀርቀሃ ደግሞ ውጥረት ይችላል። ማስቲሽ እንዳይነካት፣ ነጩን ፎም ይበላዋል፤ የእንጨት ኮላ ይበቃል፣ አድሮ ይደርቃል። ሲደርቅ ሚዛኗን ለማየት ክንፏን ከፊት ጠርዙ ሲሶ ገደማ ላይ በሁለት ጣት ከሥር ደግፎ ማንሳት ነው። ጭራዋ ከወረደ ባትሪውን ወደ አፍንጫዋ ገፋ ማድረግ፤ የባትሪው ማጣበቂያ ከባትሪው ረዘም ተደርጎ የተሠራው ለዚሁ ነው።