ማዘውተሪያው ለማን ነው?

ስለ ስፖርት ማዘውተሪያ ሥፍራ ሲነሣ ወሬው ሁሉ ስለ ስታዲዮም ይሆናል። ሞያሌን ለሁለት የተካፈሉት ኢትዮጵያና ኬንያ በዚህ ረገድ እጅግ ይመሳሰላሉ። በሰኔ 2014 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ግብፅን 2 ለ 0 ሲረታ «በሜዳው» የተባለው ጨዋታ የተደረገው በማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነበር፤ የባሕር ዳር ስታዲዮም የአፍሪካን ኮንፌዴሬሽን መመዘኛ አላሟላም ተብሎ ነበርና። ኬንያም በጳጉሜን 2016 ዓ.ም. ዚምባብዌን «ያስተናገደችው» ካምፓላ ላይ ነው። ሁለቱም መንግሥታት 60,000 ያህል ተመልካች የሚይዝ ስታዲዮም መገንባት ጀምረዋል፤ አዲስ አበባ ላይ አደይ አበባ፣ ናይሮቢ ላይ ታላንታ።

ይህን አንነቅፍም። ብሔራዊ ቡድን በሰው አገር ሲንከራተት ማየት ያሳፍራል። ነገር ግን ስታዲዮም በመሠረቱ መመልከቻ ነው፤ 22 ሰው ይጫወታል፣ የቀረው ይቀመጣል። እኛ መምህራን የምናስበው ስለሚጫወተው ልጅ ነው።

በኬንያ በኩል ያለችውን የሞያሌን ክፍል፣ ቡቲዬን እንውሰድ። በ2002 ዓ.ም. የጸደቀው የኬንያ ሕገ መንግሥት የስፖርት ማዘውተሪያን ጉዳይ ለካውንቲዎች ሰጥቷል። ስለዚህ የቡቲዬ ልጅ ጥያቄውን የሚያቀርበው ለማርሳቢት ካውንቲ ነው። መቀመጫው ግን ከሞያሌ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ የሚያስተዳድረውም ምድር 70,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሥልጣኑ ከናይሮቢ ወረደ እንጂ ሠፈር ገና አልደረሰም።

አንድ ሙሉ የእግር ኳስ ሜዳ 105 በ68 ሜትር ነው። ለጀሪካን ውሃ ሰልፍ በሚያዝበት ደረቅ አገር ይህን ያህል ሣር ማን ያጠጣል? ሜዳው አፈር ይሁን፤ ግድ የለም። ድንጋዩ ከተለቀመ፣ ጎርፍ እንዳይቦረቡረው ቦይ ከተቀደደለትና የጎል ቋሚ ከተተከለለት ልጆች ይጫወቱበታል።

ሆኖም ሜዳ መኖሩ ብቻ አይበቃም። ሴት ልጅ ከትምህርት ቤት ተመልሳ ውሃ ቀድታ፣ ታናናሾቿን አብልታ ስትጨርስ ይመሻል። የሜዳውን ርቀት እንኳ ብትችለው ጨለማውን እናቷ አትፈቅድላትም። ደግሞም ሞያሌ በሐምሌ 2004 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በኩል፣ በ2006 ዓ.ም. በኬንያ በኩል ደም የፈሰሰበት ግጭት አይታለች። እንዲህ ባለ ከተማ ሜዳው በማን ሠፈር ነው የሚለው ጥያቄ ከሜዳው ስፋት ይበልጣል። ወላጅ ልጁን የሚልከው ወደማይፈራው አቅጣጫ ነው።

ባዶ ቦታን ማመንም አያዋጣም። አዲስ አበቤዎች የሚኮሩበት ጃን ሜዳ እንኳ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የአትክልት ተራ ገበያ ተዛውሮበት ለወራት የሽንኩርትና የቲማቲም መደብ ሆኖ ነበር። ጃን ሜዳ እንዲህ ከሆነ የአንድ ዳር ከተማ ሜዳማ ቦታ ምን ዋስትና አለው?

የተከለለና በሁሉም ሠፈር ልጆች የሚታወቅ አንድ ቦታ አለ፤ እርሱም የትምህርት ቤት ግቢ ነው። ታዲያ በብዙ ትምህርት ቤቶች በሩ በ10 ሰዓት ይቆለፋል፤ ቅዳሜና እሑድ ከናካቴው አይከፈትም። መስኮት ይሰበራል ይባላል፤ እውነት ነው፣ ይሰበራል። ዘበኛውም የትርፍ ሰዓት ይጠይቃል፤ መብቱ ነው። ግን የአንድ ዘበኛ የትርፍ ሰዓትና የጥቂት መስኮቶች መስታወት ከስታዲዮም ወጪ ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል ነው? የወላጅ ኮሚቴው ቢስማማ፣ ቅዳሜ ጧት ለልጃገረዶች ብቻ ቢለይ፣ የሰውነት ማጎልመሻው መምህርም ለዚያ ሰዓት አበል ቢታሰብለት፣ ካውንቲው አዲስ ሜዳ እስኪያስጠርግ መጠበቅ አያስፈልግም።